አፍ የሌላቸው ሥዕሎች

የጎዳና ጠራጊዋ እሁድ ጠዋት የትራፊክ ቢሮው አጥር ጋ ስትደርስ፣ ሰውየው ጠጥቶ የወደቀ መስሏት ነበር። «ተነስ እንጂ፣ ሰው ሳያይህ!» አለችና በመጥረጊያዋ እጀታ እግሩን ነካ አደረገችው። አልተንቀሳቀሰም። ጠጋ ብላ ስታየው ሁለት እጁ ወደ ኋላ ተጠፍሮ ከአጥሩ ብረት ጋር ታስሯል፤ አፉ በጥቁር ጨርቅ ተለጉሟል፤ ደረቱ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል። መጥረጊያዋን እዚያው ጥላ እየጮኸች መንገዱን ተሻገረች።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ቦታው በሰው ተጥለቅልቋል። ሰው ሞቶ እያለ ያዘነ ፊት ግን አልታየውም። ሁሉም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየተንጠራራ «ስውሩ ዘብ ነው! ቁርጥ ሥዕሉን!» ይባባላል።

ስውሩ ዘብን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ማንበብ የማይችል ወይ ጎረቤት የሌለው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚወጣ መጽሔት ላይ የሚታተም ተከታታይ ታሪክ ጀግና ነው። ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ሕግ የለቀቃቸውን ወንጀለኞች እያደነ ይይዛል፤ አስሮ፣ አፋቸውን ለጉሞ፣ ጥፋታቸውን ካርቶን ላይ ጽፎ ለፖሊስ ትቶላቸው ይሰወራል። አይገድልም፣ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ተሳስቶም አያውቅም። እንዲህ ያለ ባልደረባ ለማንም ፖሊስ ራስ ምታት ነው።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አነበበ። «ሕፃኗን ገጭቶ ያመለጠው ይህ ነው። የግራ መብራቱን ጠይቁት።»

«ግራ» የምትለዋን ቃል ደግሞ አነበባት። ሟቹን ያውቀዋል። የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ወር ካቴና ያጠለቀለት ራሱ ኢንስፔክተሩ ነበር።

«በምን ሞተ?» ሲል ሐኪሙን ጠየቀው።

«ዱላ አላረፈበትም። አፍንጫው ላይ ብቻ አንድ ጊዜ ተመትቷል። ደሙ ረግቶ ደፍኖታል። አፉ ደግሞ እንደምታየው ነው።»

«ታዲያ በምን ይተንፍስ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለ ሐኪሙ፣ ጓንቱን እያወለቀ።

ኢንስፔክተሩ የአሟሟቱ ነገር ለጊዜው ከማንም አፍ እንዳይወጣ አዘዘ። ሰው እንደሆነ የራሱን መፍጠር ጀምሯል። እኩሉ ታንቆ ነው ይላል፣ እኩሉ ፈርቶ ልቡ ቀጥ ብላ ነው ይላል። የዳቦ መኪናዋ ከቢሮው ጀርባ ቁልፏ እንደተሰካ ቆማለች። ሹፌሩ ሊነጋጋ ሲል ዳቦ ሊጭን እንደወጣ በዚያው ተይዞ በገዛ መኪናው እዚህ ድረስ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደዚያች «ግራ» እንመለስ። ባለፈው ወር አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መኪና ገጭቶ ገደላትና አመለጠ። አስፋልቱ ላይ የቀረው የመብራት ስባሪ ብቻ ነበር። ኢንስፔክተሩ ስባሪውን ገጣጥሞ አየና የግራ መብራት ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ሰሞን የግራ መብራቷ የተሰበረ የዳቦ መኪና ሲያገኝ ደስታው ወሰን አጣ። ሹፌሩን ቅዳሜ አሰረው። ሰኞ ጠዋት ግን የመኪና ቴክኒክ ባለሙያው ስባሪውን አገላብጦ አየና ሳቀ። ስባሪው የቀኝ መብራት ነው፤ ዓይነቱም ከዳቦ መኪናዋ ጋር አይገናኝም። ሹፌሩ በነፃ ተለቀቀ፣ መዝገቡም ተስተካከለ። «ግራ» የምትለው ስህተት ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ብቻ ኖራ ሞታለች። አምነዋት የነበሩትም ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ ብቻ ናቸው።

ኧረ አንድ ሌላ ሰው አለች። የዚያን እሁድ ምሳ የበላው እህቱ ቤት ነው። ይህን እያወቀ፣ የሚያውቀውን በር ትቶ ሌሎች በሮች ማንኳኳት ጀመረ።

*

የሟች ሚስት ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ከቀብሩ ማግስት ሥራ ገብታ አገኛት። በላብ ርሳ የአልጋ አንሶላ ላይ ካውያ ትገፋለች።

«ዕረፍት አልሰጡሽም?»

«እቤት ምን ልሠራ? የሚመጣ ሰው የለ» አለች፣ ካውያውን ሳታቆም። «ቀብሩ ላይ የነበርነው እኔ፣ ልጄና ወንድሙ ነን። ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ዋለ። ልጄን ዛሬ ትምህርት ቤት ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፍቶ ብቻዋን አስቀመጧት። የገዳይ ልጅ ብለዋት።»

«ያደረገውን ሰው እንይዘዋለን።»

«ያዙት አትያዙት የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ባሌ አይነሳልኝ።» አሁን ካውያውን አቆመችው። «እኔ የምፈልገው ስሙን ነው። ለቃችሁት ቤቱ ገብቶ ነበር እኮ። እሱ ነው ብሎ ያስወራ ማን ነው? ያንን ሰው አምጡልኝና ሰፈር መሀል ቆሞ ዋሽቻለሁ ይበል። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

 «እሺ» አላት ኢንስፔክተሩ። ለምን እሺ እንዳለ መንገድ ላይ ሲያስበው ራሱን ሊመታ ቃጣው።

*

ሳጅኑ ሲጠየቅ ተቆጣ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የሠራ ሰው ነው።

«እኔን? ምላሴን ለሰው አውሼ አላውቅም!»

«መሳቢያህ ውስጥ ያለው መጽሔት የማን ነው?»

ሳጅኑ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የ... የልጄ ነው።»

«ልጅህ አግብታ ከሄደች ስንት ጊዜዋ?»

«እሺ፣ አነባለሁ! ምናለበት? እኛ ዓመት ሙሉ የምንባክንበትን እሱ በሁለት ገጽ ይጨርሰዋል። ሰው በወረቀት እንኳን ይደሰት እንጂ፣ ኢንስፔክተር።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ለማንም አልተናገርኩም። ይልቅ አባትየውን አይተኸዋል?»

የሕፃኗ አባት በያጅ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲገባ የበር ፍሬም ላይ አጎንብሶ ነበር፤ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቀና አለ። እጁ የሰው ጭንቅላት ያክላል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ የዳቦ ሹፌር አጥር ላይ ለማሰር አይቸግረውም።

«እሁድ ሊነጋ ሲል የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሰኞ የሚደርስ የመጋዘን በር ነበረብን። ሦስታችንም ስንበይድ አደርን፤ ጠይቃቸው።» አብረውት የሚሠሩት ሁለቱ በያጆች አረጋገጡ። ከፎቅ የምትኖረው ሴትዮም በጩኸቱ እንቅልፍ አጥታ ስትሳደብ እንዳደረች ተናገረች። በያጁ ቀጠለ፦ «ደግሞ ንጹሕ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህም? አምኜህ ነበር። ልጄን የገደለውን ባገኘውማ ጨርቅ ምን ያደርግልኛል?»

ኢንስፔክተሩ እጁን ጨብጦት ወጣ። በዚያ ከተማ ሹፌሩን ንጹሕ ነው ብሎ ያመነው የልጅቷ አባት ብቻ መሆኑ አንገበገበው። የሚያንኳኳው በርም አለቀበት።

*

እህቱ ቀን ቀን አስተማሪ ናት። ስውሩ ዘብን የምትጽፈው በወንድ ስም ነው፤ ለሴት ደራሲ ቡጢ አይመጣላትም ብሎ የመጽሔቱ አዘጋጅ በሰጣት ስም። ይህን የሚያውቁት አዘጋጁ፣ ሥዕሉን የሚሠራው ሰዓሊና ወንድሟ ብቻ ናቸው። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ወንድሟ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፤ በሳምንቱ ወሬው ጭምብል ለብሶ ይወጣል። እሱም ቢሆን ሲያነበው ደስ ይለው ነበር። ሥራው ላይ የማይሆንለት ሁሉ እዚያ ይሆንለታላ!

«ጋሼ፣ ምነው ፊትህ?» አለችው በሩን ስትከፍት። ከዚያ ዓይኑን አይታ ወደ ውስጥ አስገባችው።

«ሚጡ፣ ያን እሁድ የነገርኩሽን ጽፈሽዋል?»

«ተይው ብለህ ሰኞ ደውለህልኝ የለ? ለውጬዋለሁ። ይኸው!» የዚያን ሳምንት መጽሔት ገልጣ ሰጠችው። እውነቷን ነው። ታሪኩ ላይ የዳቦ መኪና የለም፤ ልጅ ገጭቶ የሚያመልጠው ባለ ቀይ ታክሲ ነው። ስለ መብራት አንድም ቃል የለም። ኢንስፔክተሩ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

መጽሔቱን ሊመልስላት ሲል ሥዕሉን አየ። ታክሲዋ ተስላለች። ግን ጣሪያዋ ለታክሲ ይረዝማል፣ ከኋላዋም እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ናት። የግራ መብራቷ ደግሞ ተሰብሯል።

«ይሄ መብራት ከየት መጣ? አንቺ አልጻፍሽውም።»

«አሳየኝ?» ዓይኗን ሥዕሉ ላይ አፈጠጠች። «ሥዕል ጊዜ ይፈጃል ጋሼ። ጽሑፉ እስኪጠራ አይጠብቅም፤ ሰዓሊው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ረቂቅ ነው። በኋላ መኪናውን ታክሲ አድርገው አልኩት። ለምን አለኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ አልኩት። አንተን እንዴት ላንሳ?»

«ረቂቁ ላይ ምን ነበር?»

መጽሔቱን አጥፋ አስቀመጠችው።

«ሚጡ!»

«ሁሉም ነገር። ዳቦ ቤቱ። መብራቱ። ታስሮ እንደሚለቀቅ እንኳ ጽፌ ነበር፤ ካልተለቀቀ ስውሩ ዘብ ምን ይሠራል?» እንባዋ መጣ። «ግን አይገድልም እኮ! አንድም ሰው አይገድልም፤ እኔ ነኝ ያን ሕግ ያወጣሁለት።»

«አይሳሳትም የሚለውንስ ማን አወጣለት?»

«ከተሳሳተ ማን ያነበዋል?» አለች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

*

ሰዓሊው የሚሠራው ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ሰው ነው። ወንበር አቀረበለት፣ ወንበሩንም በእጅጌው ጠረገለት። ቅዳሜ ማታ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ለሚቀጥለው ሳምንት ሲስል እንዳደረ ነገረው።

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? ሥዕሉ ምስክሬ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጩ አሳየ።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስውሩ ዘብ ሥዕሎች ተለጥፏል። ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ሌባው፣ ጉቦኛው፣ አታላዩ፣ ሁሉም ታስረዋል። የሁሉም አፍ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ለምንድነው ሁልጊዜ የምትለጉማቸው? የመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ላይ የለም እኮ።»

ሰዓሊው አፍሮ ፈገግ አለ። «ልንገርዎት? አፍ መሳል አልችልም። ከተማሪነቴ ጀምሮ። የሚጮህ አፍ ስስል የሚያዛጋ ይመስላል። ስለዚህ ጨርቅ አደርግበታለሁ። አንባቢው ወደደው፣ ደራሲዋም በኋላ ታሪኩ ውስጥ አስገባችው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አዲሱ ሥዕል ላይም የታሰረ ሰው አለ። አፉ አካባቢ ግን ወረቀቱ በምላጭ ተፍቆ ሳስቷል። ጨርቁ ተነስቷል። በቦታው እጅ ያልለመደው፣ ጠማማ፣ ክፍት አፍ ተስሏል።

«እዚህኛው ላይስ?»

«እ... ለለውጥ ያህል።»

«ስለህ ጨርሰህ ነው የፋቅከው። ቅዳሜ ስትስለው ጨርቅ ነበረው። መቼ ነው የፋቅከው?»

ሰዓሊው ወረቀቱን በእጁ ከለለ።

«ከተማው ታንቆ ነው ይላል፣ ልቡ ቆሞ ነው ይላል» አለ ኢንስፔክተሩ በቀስታ። «በጨርቁ ምክንያት እንደሞተ የምናውቀው ሐኪሙና እኔ ነን። ሦስተኛው ሰው ግን የሥዕልህን አፍ ከፍቶታል።»

ሰዓሊው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። 

«ሲታገለኝ ክርኔ አፍንጫው ላይ አረፈበት» አለ በመጨረሻ። «ጥቂት ደማ። ይቆማል ብዬ ነው። በምሽት ስንትና ስንት ሰው አስሬያለሁ፣ በወረቀት። አንዱም አልሞተብኝም። ስሄድ የሆነ ድምፅ ያሰማ ነበር። የሚለምነኝ መሰለኝ። ሁሉም ይለምናሉ ብዬ... እሁድ ቀን ሞቷል ሲሉ ሰማሁ። ያ ድምፅ ልመና አልነበረም ለካ።»

«ንጹሕ ሰው ነበር። በነፃ ለቀነዋል።»

«መለቀቁን ነው እኮ ያየሁት! ሰውየው ተለቀቀ፣ በዚያው ሳምንት ታሪኩም ተቀየረ፣ ለምን ስል አትጠይቅ ተባልኩ። ምን ልበል? ተሸጧል አልኩ። በኛ ታሪክ የተለቀቀ ሰው ንጹሕ ሆኖ ያውቃል? ዓመት ሙሉ እጄ ወረቀት ላይ ሲያስር ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ በእውነት ባደርገው አልኩ።»

«በአንድ ረቂቅ ብቻ?»

«ተራ ረቂቅ ቢሆንማ አልነካውም ነበር። ደራሲዋ አንድ ቀን አምልጧት ነግራኛለች፤ ታሪኮቹ በሙሉ ከወንድሟ አፍ የወጡ ናቸው። ወንድሟም ኢንስፔክተር ነው።» ቀና ብሎ አየው። በዓይኑ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነበር። «ከእርስዎ ነው የሰማሁት። በእርስዎ ቃል ነው ያሰርኩት።»

ኢንስፔክተሩ ካቴናውን አወጣ። በሦስተኛው ሙከራ ቆለፈው።

*

አዛዡ መዝገቡን አነበበና የመጨረሻውን ገጽ ለይቶ ገፋለት። ኢንስፔክተሩ የእሁዱን ምሳ፣ የእህቱን ስም፣ የራሱን ጥፋት አንድ ሳያስቀር የጻፈበት ገጽ ነው።

«ይሄ ምን ያደርጋል? ገዳዩ አምኗል፣ የጨርቁም ቅዳጅ ክፍሉ ውስጥ ተገኝቷል። ምሳ ላይ ያወራኸውን ማን ጠየቀህ?»

«ሚስትየው።»

«ትረሳዋለች። አንተ ግን በዚህ ወረቀት ከሥራ ትባረራለህ። እህትህም ትታሰር ይሆናል። አስበኸዋል?»

አስቦታል። ትናንት እህቱ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ሁለታችንንም ልታጠፋን ነው?» ብላዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ እሱ ሰው የላትም። ለራሱም ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውም። ይህን ሁሉ ሲያስብ አድሮ፣ ጠዋት ሲላጭ መስተዋቱ ውስጥ ያየውን ሰው ሊያዋራው አልቻለም። ገጹን መልሶ መዝገቡ ውስጥ ከተተው።

«ይሁንልህ» አለ አዛዡ። «መታወቂያህንና ሽጉጥህን እዚህ አስቀምጥ። ጀግና ልትሆን ነው እንግዲህ።»

«የለም ጌታዬ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጀግና አይደለሁም።»

*

የሟች ሚስት ቤቷ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «እርስዎ ነዎት?» ብቻ አለች። ቀጥላም «እንሂድ» ብላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

በመጀመሪያ የገቡት ባለሱቁ ጋ ነው። የሚገዛም የማይገዛም ተሰብስቧል። ኢንስፔክተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንነቱን ተናገረ፤ ሹፌሩ ማንንም አልገጨም፣ መብራቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በምላሴ ሰው አስገድያለሁ አለ። በሥራ ዘመኑ ይህን ያህል የከበደው ቃል አልነበረም።

ባለሱቁ ስኳር መመዘኑን ትቶ አዳመጠው። ከዚያ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ገባኝ ጌታዬ። አለቆች ናቸው አይደል እንዲህ በል ያሉዎት?»

«ማንም አላለኝም።»

«አይዞዎት፣ እኛ እናውቃለን። ስውሩ ዘብን አስራችሁ ሰው እንዳይቆጣ ነው። እሱ እንደሆነ ዝም ብሎ ሰው አይነካም።» ዙሪያው ያለው ሰው አጉተመተመ፤ የተስማሙ ድምፆች ናቸው።

ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሳቁበት። ቀጥሎ ባለው ግቢ አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው «ደግ ሰው ነህ ልጄ፤ ለመበለቷ አዝነህ ነው ኃጢአቱን ወደ ራስህ የወሰድከው፤ እግዜር ይስጥህ» ብለው መረቁት። የሟች ሚስት ይህን ሁሉ ከጎኑ ቆማ ሰማች። ተከትላቸው የመጣችው ልጇ ከሩቅ የጎረቤት ልጆች ገመድ ሲዘሉ ታያለች፤ ነይ የሚላት የለም።

ከግቢው ሲወጡ ኢንስፔክተሩ ግንቡን ተደገፈ። «አላመኑኝም» አለ።

«አያምኑዎትም» አለች ሴትየዋ፣ ቀና ብላ ሳታየው። «እርስዎ እሱ ነው ያሉት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ምሳ እየበሉ። ይኼኛውን ግን ዕድሜዎን ሙሉ ሲናገሩ ይኖራሉ።»

ልጇን በእጇ ይዛ ወደሚቀጥለው በር ሄደችና አንኳኳች። ኢንስፔክተሩም ከኋላቸው መጥቶ ቆመ።